ባዶው ቤት ሲተነፍስ

ቅናት ሆዴ የገባው በአንድ ቃል ነው። ቃሉ «አንቺ» ነው።

ጓደኛዬ የድሬዳዋ ልጅ ናት። ድሬዎች ትልቅ ሰውን «አንቱ» ማለት አያውቁም ይባላል፤ እሷም አታውቅም። ከመምህራችን ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ወዳለ አንድ ቤት ስንሄድ የቤቱ ባለቤት አሮጊት በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እኔ አንገቴን ደፍቼ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ» አልኩ። እሷ ግን «ኡማ፣ ደህና ነሽ? ቤትሽ እንዴት ያምራል አቦ» ብላ አቀፈቻቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። እየሳቁ ነበር። «ግቢ፣ ግቢ» አሉ። ያሉት ለእሷ ነው።

«ኡማ» በሐረሪዎች ቋንቋ አያት ማለት ነው። ቃሉን እኔም አውቀዋለሁ፤ ከግንቡ ውጭ፣ በእግር ቅርብ በሆነ ሰፈር ነው ተወልጄ ያደግሁት። ማወቅና ከአፍ ማውጣት ግን አንድ አይደሉም። እኛ ቤት ሰው የሚከበረው በአንደበት ነው። እናቴ የገዛ ታላቅ እህቷን እስከ ዛሬ «አንቱ» እያለች ነው የምታናግረው። እኔም ከእሷ የወረስኩት ይህንን ነው፤ ጥሩ ውርስ ይመስለኝ ነበር።

ቤቱን የፈለግነው ለጥናት ነው። ሁለታችንም በመገናኛ ምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪያችንን እየሠራን ነበር። መምህራችን የሚመሩት ፕሮጀክት ስለሚቀጥለው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ያጠናል። ነገሩን በቀላሉ ላስረዳ። ስልክ የሚያነጋግረን ሞገድ ከአንቴናው ወጥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ጆሯችን አይመጣም። ግድግዳ ይነካል፣ ዕቃ ይነካል፣ ሰው ይነካል፤ ሲደርስም የነካው ሁሉ አሻራ አብሮት ይደርሳል። እስከ ዛሬ ያንን አሻራ እንደ ረብሻ ቆጥረን ስናጸዳው ኖረናል። በሚመጣው ኔትወርክ ግን አይጣልም። ሞገዱ መልእክቱን ካደረሰ በኋላ መንገድ ላይ ያገኘውንም እንዲናገር ይፈለጋል፤ የተናገረውም ወደ ሩቅ ኮምፒውተር ሳይላክ እዚያው ቤት ውስጥ በምትቀመጥ ትንሽ ሳጥን እንዲሰላ። ማነጋገር፣ ማየትና ማስላት በአንድ ሞገድ ማለት ነው።

ለምን ቢባል፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ወድቀው ቢቀሩ ካሜራ ሳይተከልባቸው ማወቅ ይቻላል። ጀጎል ውስጥ ጓዳውን ካሜራ እንዲያየው የሚፈቅድ ሰው አይገኝም። እኚህ ሴት ባላቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ተበታትነዋል። ሳጥኗ ፊታቸውን እንደማታይና ወሬ ከቤት እንደማታወጣ መምህራችን ሲነግሯቸው «እንደዚያ ዓይነት ጎረቤትማ ስፈልግ ነው የኖርኩት» ብለው ተስማሙ።

መምህራችን ከመጀመሪያው አንድ ነገር ነግረውናል። ከአዲስ አበባ ገምጋሚዎች መጥተው ሥራውን ካዩ በኋላ ፕሮጀክቱ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ያልፋል፤ ያኔ ከሁለታችን አንዳችን ብቻ በረዳት ተመራማሪነት ትቀጥላለች። ያንን ቦታ ከምንም ነገር በላይ ፈልጌዋለሁ። የተማርኩትን ሐረር ተቀምጬ የምሠራበት ሌላ በር አይታየኝም ነበር። እሷም ትፈልገዋለች። ልዩነታችን እሷ መፈለጓን ለመምህራችንም፣ ለጥበቃውም፣ ለአሮጊቷም ትናገራለች፤ እኔ ለእናቴ እንኳ አልተናገርኩም።

የጀጎል ቤት ውስጡ ደረጃ ደረጃ ነው። ነደባ የሚባሉ ቀይ አፈር የተቀቡ መደቦች አንዱ ካንዱ ከፍ ብለው ተሠርተዋል፤ ማን የት መቀመጥ እንዳለበት ቤቱ ራሱ ይናገራል። ጓደኛዬ የተነገራትን አልሰማችም። ወጥታ የአባወራው ቦታ ላይ ተቀመጠች።

«ኡማ፣ እዚህ ላይ ሆኖ እኮ ሁሉም ነገር ይታያል።»

«ታዲያ ባሌ እዚያ የሚቀመጠው ለምን መሰለሽ? አላህ ይርሐመው፣ ከሞተ ወዲህ ቦታውን ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።»

«ልነሳ?»

«ተዪው፣ አሁንማ አሙቀሽዋል።»

እኔ ከምሰሶው ኋላ ወዳለው ሱትሪ ነደባ ሄድኩ። ድብቁ መደብ እንደማለት ነው፤ ከበር የገባ ሰው አያየውም። የሞገዱ መቀበያ የተተከለው እዚያው አጠገብ ስለሆነ ኮምፒውተሩን ይዤ መቀመጤ ሥራም ነበር። ትክክለኛ ቦታዬን መርጬ መቀመጤን ግን ማንም ልብ አላለልኝም።

መጀመሪያ ባዶውን ቤት መቅዳት ነበረብን። ሳጥኗ ሰው መኖሩን የምታውቀው ሞገዱን ሰው ከሌለበት ቤት ሞገድ ጋር እያስተያየች ነው። ሁሉም ወደ ግቢ ወጣ። እኔ ሱትሪ ነደባው ላይ ሆኜ የላላ ገመድ አጠብቅ ነበር። ጓደኛዬ ከውጭ «ሁላችንም ወጥተናል፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ጀመርኩ» ስትል ሰማሁ። ገመዱን እንድይዝ አውቀው የተዉኝ መሰለኝ። ብነሳ ደግሞ ቅጂው ይበላሻል። ስለዚህ ሳልንቀሳቀስ ቁጭ አልኩ። ሳልንቀሳቀስ መቀመጥ እችልበታለሁ።

ሲመለሱ ጓደኛዬ የሻይ ብርጭቆ እንደያዘች «ሻይ ስንጠጣ የት ነበርሽ?» አለችኝ።

«እዚሁ ነበርኩ።»

«እዚሁ» ስል እዚህ መደብ ላይ ማለቴ ነበር። እሷ እዚሁ ግቢ ብላ ሰማችው። ወሬው በዚያ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሳምንት እየተመላለስን ሞከርን። በኮምፒውተሩ ማያ ላይ ሰው እንደ ብርቱካናማ ጠብታ ይታያል፤ የሚንቀሳቀስ ሰው ጠብታው ይሰፋል። ጓደኛዬ በእጇ ነው የምታወራው፣ ስለዚህ የእሷ ጠብታ የቤቱን ግማሽ ይይዛል። አሮጊቷም እሷ ስትመጣ አብረው ይነቃሉ፤ ጠብታቸው ወደ እሷ ይጠጋል፣ ይርቃል፣ እንደገና ይጠጋል። እኔ ጥጌ ውስጥ ሆኜ ይህንን ሁሉ አያለሁ። እኔ ማያው ላይ የለሁም። መምህራችን አንድ ቀን ከኋላዬ ቆመው ማያውን አይተው «ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ያመልጣታል፤ እንደ ድክመት ያዙት» አሉ። ተነስቼ ስሄድ ደግሞ እስክመለስ ሁለት ቦታ እታያለሁ፣ አንዱ እዚያው ጥጉ ላይ። የሳህኖቹ ነጸብራቅ ነው አልን።

ሳህኖቹ ማለቴ ግድግዳው ላይ ከስፌቶቹ ጋር የተሰቀሉት ባለ አበባ የብረት ሳህኖች ናቸው። ብረት ሞገድን እንደ መስታወት ይመልሳል። ለጥቂት ቀን እንዲያወርዷቸው እኔ በትሕትና ጠይቄያቸው ነበር። «እማማ፣ ሳህኖቹን ቢያወርዱልን» ብዬ። «የኔ ልጅ፣ የተሰቀሉት ሊታዩ ነው» ብለው በዚያው ዘጉት።

ያን ሰሞን እንደ ጓደኛዬ ለመሆን ሞክሬያለሁ። ከግንቡ በር እስከ ቤታቸው ባለው ጠባብ መንገድ እየሄድኩ «እማማ ደህና ነሽ፣ እማማ ደህና ነሽ» እያልኩ አጠናሁ። በሩ ላይ ስደርስ ግን «እማማ፣ ደህና ነ… ነዎት» አልኩ። አሮጊቷ አዩኝና «አንቺ ልጅ፣ እርስዎ ስትዪኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል» አሉ። ለቀልድ ነው ያሉት። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ አልተፋታሁትም። እኔ የማውቀውን ነገር ባለማወቋ ቀናሁባት ማለት ይቻላል፤ አለማወቋ ነው ቤቱን የከፈተላት።

አንድ ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ቤት ቀረሁ። ጓደኛዬ ደወለች።

«አንቺ፣ ምን አስገብተሽብን ነው የቀረሽው?»

«ምን ሆነ?»

«ቤት ውስጥ ያለችው ኡማ ብቻ ናት፣ ሳጥኗ ግን ሁለት ሰው ትላለች። አንዱ ያንቺ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሄጄ በእጄ ዳሰስኩት፣ ወላሂ ማንም የለም።»

ከኋላዋ የአሮጊቷ ድምፅ መጣ። «ጅን ነው ካለችሽ፣ በዚህ ቤት ቁርአን ይቀራል በያት፤ ጅን እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል?»

«ኡማ፣ አንቺን ሊጠይቅ ይሆናል።»

«ሊጠይቀኝ ከመጣ ምነው አይናገርም? ምነው ጥግ ይዞ ይቀመጣል?»

በስልኩ ውስጥ ሁለቱም ሲስቁ እሰማለሁ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ያሰብኩት ስለ ሳጥኗ ስሕተት አልነበረም። እኔ ባልኖርም እንዲህ እንደሚሳሳቁ ነው ያሰብኩት።

ተሽሎኝ ስመለስና ቦታዬ ላይ ስቀመጥ ያ ጠብታ ጠፋ። ስወጣ ተመለሰ። እንደገና ገባሁ፣ ጠፋ። ጓደኛዬ ጉልበቷን ይዛ ሳቀች።

«ከአንቺ የባሰ ዓይን አፋር ነው። ሰው ሲመጣ ተነስቶ ይሄዳል።»

«እንግዳ አክባሪ ጅን ነው» አሉ አሮጊቷ፣ «ቦታውን ይለቃል።»

መምህራችን ግን አልሳቁም። የገምጋሚዎቹ መምጫ ቀርቧል፤ የሌለ ሰው የሚያይ ሳጥን ይዞ ማንም ፊት መቆም አይቻልም። ሁላችንም ሳህኖቹን ጠረጠርን። ጓደኛዬ ወደ አሮጊቷ ዞራ «ኡማ፣ ሳህኖችሽ አቧራ ጠጥተዋል። አንቺ ቁጭ በዪ፣ እኔ ላጥብልሽ» አለች። እሳቸውም «አንዱን ብትሰብሪ ግን እዚሁ ታገኚኛለሽ» ብለው ፈቀዱላት። የብረት ሳህን አይሰበርም። ያንን ሁለቱም ያውቃሉ። ለእኔ የተከለከለው ግድግዳ ከሰዓት ሳይደርስ ባዶውን ቀረ፤ እኔም እያደረቅኩ አቀበልኳት።

ጠብታው ከጥጉ አልተነቃነቀም።

በማግሥቱ እቤቴ ተቀምጬ ቅጂዎቹን ከመጀመሪያው ጀምሬ አየሁ። የባዶውን ቤት ቅጂ ከዚያ በፊት ማንም ተመልሶ አላየውም፤ ባዶ ቤት ምን ይታይበታል? መስመሩ ቀጥ ማለት ነበረበት። ቀጥ አላለም። በጣም ትንሽ፣ በጣም ዝግ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከፍ ሲል ይቆያል፣ ዝቅ ሲል ይቆያል። መጀመሪያ የመሣሪያው መንቀጥቀጥ መሰለኝ። ከዚያ እጄን ሳላስበው ደረቴ ላይ አደረግኩ።

ባዶው ቤት ይተነፍስ ነበር። የሚተነፍሰውም እኔ ነበርኩ።

ሳጥኗ ባዶ ቤት ምን እንደሚመስል የተማረችው ከእኔ ጋር ነው። ለእሷ እኔ ምሰሶው አጠገብ የሚጀምረው ግድግዳ አካል ነኝ። ስቀመጥ ቤቱ እንደተማረችው ይሆንላታል፣ ማንንም አታይም። ስነሳ ከግድግዳው አንድ ነገር ይጎድልባታል፤ ያንን ጉድለት ነው ሰው ብላ የምታሳየን። ነገሩ የሚያስቅ መሆኑ ገብቶኛል። አልሳቅሁም። አንድ ቤት ሙሉ ሰው ሲወጣ እኔ መቅረቴን አንድም ሰው እንዳላወቀ ነበር የማስበው። ጓደኛዬ ቀርታ ቢሆን አሮጊቷ ከደጃፉ ሳይርቁ «ያቺ ልጅ የት አለች?» ይሉ ነበር።

ለመምህራችን ቢሯቸው ውስጥ፣ ጓደኛዬ ባለችበት ነገርኳቸው። ቅጂውን አሳየሁ። ጓደኛዬ አፏን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፣ ከዚያ አንገቴን አቀፈች።

«ትንፋሽሽን ቀድቼ ባዶ ነው አልኩ? ምነው ‹አለሁ› አትዪም፣ እናቴ?»

«አለሁ ብዬ ነበር» አልኩ። «እዚሁ ነኝ ብዬሽ ነበር።»

መምህራችን «እንግዲህ ባዶውን ቤት እንደገና እንቅዳ» አሉ። እኔ ደግሞ ሳስብበት የቆየሁት ነገር ነበረኝ። ሰው የሚኖርበት ቤት ለረጅም ጊዜ ባዶ አይሆንም፤ ሳህን ይወርዳል፣ ስፌት ይጨመራል፣ እንግዳ ያድራል። ከባዶ ቤት ጋር ማስተያየቱን ትተን ሳጥኗ ትንፋሽ እንድትፈልግ ብናደርግ፣ የማይንቀሳቀስ ሰውም አያመልጣትም። ይህንን ተናገርኩ። ድምፄ ግን ጠረጴዛውን አልተሻገረም።

«ምን አልሽ?» አሉ።

ጓደኛዬ ጮክ ብላ «ባዶ ቤት ይቅርብን፣ ትንፋሽ እንፈልግ እያለች ነው» አለች።

መምህራችን ወደ እሷ ዞረው «ጥሩ ሐሳብ ነው» አሉ።

እሷ ምንም አላጠፋችም። ሐሳቡ የእኔ መሆኑን በግልጽ ተናግራለች። ዓይናቸው ግን ወደ ድምፁ ሄደ። በዚያች ቅጽበት እንደጠላኋት አስታውሳለሁ፣ እጇ ገና ትከሻዬ ላይ እያለ።

ታሪኩን በማግሥቱ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሁሉ ሰማው። እሷ ስታወራው ከሆነው የበለጠ ያምራል። የእኔን አቀማመጥ ታሳያለች፣ ትንፋሼን ታሰማለች፣ አሮጊቷን ሆና ትቆጣለች። ሰዎች ካፌ ውስጥ እያዩኝ ፈገግ ማለት ጀመሩ። የገዛ ትንፋሼ እንኳ በእሷ አፍ ሲነገር ነው ደስ የሚለው።

እኔ ወደ ስሌቱ ገባሁ። ትንፋሽን ከመጋረጃ ንቅናቄ መለየት ከባድ ነው፤ አሮጊቷ ደግሞ በር ከፍተው ነው የሚውሉት፣ መጋረጃውም እንደ ሰው ይተነፍሳል። ብዙ ቀን እዚያው ጥግ ተቀምጬ እሳቸው ሲተኙ፣ ሲሰግዱ፣ ዝም ብለው ሲቀመጡ ሞገዱን አየሁ። ሰው ትንፋሹን አንዳንዴ ይይዛል፣ አንዳንዴ በረጅሙ ይለቃል። መጋረጃ አይተክዝም። መለያውን ያገኘሁት እዚያ ላይ ነው፤ ሳጥኗም ትንሽ ስለሆነች ስሌቱን እንድትችለው አድርጌ አሳጠርኩት። በእነዚያ ቀናት ከአሮጊቷ ጋር ብዙ አልተነጋገርንም። ቀና ሲሉ «አለሽ?» ይሉኛል። «አለሁ፣ እማማ» እላለሁ። ቀጥሎ «ያቺስ ዛሬ አትመጣም?» ይላሉ።

ገምጋሚዎቹ መጡ። አሮጊቷ አዲስ ሻሽ አስረው ተቀበሏቸው። ጓደኛዬ አቀረበች፤ ማን ያቅርብ የሚል ጥያቄም አልተነሳም። ጅኑን አወራች፣ ሰዎቹ ሳቁ፣ አሮጊቷም በቁርአን ጉዳይ አቋረጧትና የበለጠ ተሳቀ። እኔ ቦታው ያለቀለት መሰለኝ። እንዲያውም ረጋ አልኩ፤ የተፈረደበት ሰው እንደሚረጋው።

ከገምጋሚዎቹ አንዷ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው። እሳቸው አልሳቁም ነበር። «የተኛ ሰውንና ነፋስ የሚያወዛውዘውን መጋረጃ ሳጥኗ በምን ትለያለች?» ብለው ጠየቁ።

ጓደኛዬ አንገቷን አስግጋ ከምሰሶው ኋላ አየችኝ።

«እሱን እሷ ትመልስ። የሠራችው እሷ ናት፤ እኔ የማውቀው ጅኑን ብቻ ነው።»

ሁሉም ዞረ። ከጥጌ ወጥቼ መልሱን ተናገርኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር፣ አንድ ሁለቴም ተቆረጠ። ግን የምናገረው የማውቀውን ስለሆነ ቃላቱ ራሳቸው እየመጡ ደረሱልኝ። ሴትዮዋ ሌላ ጠየቁ፣ መለስኩ። ሌላ ጠየቁ፣ «ይህንን ገና አላወቅነውም» አልኩ። እሱን ሲጽፉት አየሁ።

ቦታው ለእኔ ሆነ።

መምህራችን የነገሩን አሮጊቷ ቤት በር ላይ፣ ዕቃ ስናስተካክል ነበር። እልል ያለችው ጓደኛዬ ናት። ጠባቡ መንገድ ላይ ሰዎች እስኪቆሙ ድረስ እልል አለች፤ ሠርግ መስሏቸው ከማዶ ቤትም አጀቧት። ፊቷ ላይ ቅሬታ ፈለግኩ። ቅሬታ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልነበረም፤ ወይም እኔ የማየው ዓይነት አልነበረም። አሮጊቷ ወጥተው ምን እንደሆነ ጠየቁ። ሲነገራቸው መጀመሪያ ያዩት እሷን ነው።

«እና አንቺ ትሄጃለሽ?»

«እሄዳለሁ ኡማ። አዲስ አበባ ሥራ አላጣም።»

«ሐረርን ለቀሽ?»

«ድሬንም ለቅቄ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን ደስ አለሽ ልጄ» አሉኝ፤ እጄንም ሳሙ። ያንን ምርቃት ለእናቴ ስነግራት ልታለቅስ ትንሽ ነው የቀራት። እኔ ግን ከየትኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ እንደመጣ ስለማውቅ ለራሴ መልሼ መንገር አልቻልኩም።

ይህ ከሆነ ቆይቷል። አሁን ቤቱ ብቻዬን ነው የምሄደው። ሥራውን እወደዋለሁ፤ ሌሎች ቤቶችም ልንጨምር ነው። ስገባ አሮጊቷ ከተቀመጡበት ቀና ይሉና ትከሻዬን አልፈው መንገዱን ያያሉ። አውቀው አይደለም። ሰው ሲወደድ እንዲህ ነው የሚጠበቀው፤ እኔ እፈልገው የነበረው ቦታ የትኛው እንደሆነ የገባኝ የተሰጠኝን ቦታ ከያዝኩ በኋላ ነው። የፈለጉትን አግኝቶ መቅናት ይቻላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ይቻላል።

ባለፈው ሳምንት ገና ሳልቀመጥ «ያቺን ልጅ በስልክሽ ጥሪልኝ፣ ፊቷን ልየው» አሉኝ። የቤቱ ግድግዳ ወፍራም ስለሆነ በዚያ ቤት ውስጥ ምስል ሳይቆራረጥ የሚመጣበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ ከበሩ ትንሽ ገባ ብሎ። ለክቼ የማውቀው እኔ ነኝ። እዚያ አስቀመጥኳቸውና ደወልኩ። ጓደኛዬ ወዲያው አነሳች፤ ቢሮ ውስጥ ናት፣ ፀጉሯን አሳጥራለች።

«ኡማ» አለች። «ከሳሽ እንዴ?»

«አንቺ ነሽ የከሳሽው። መቼ ነው የምትመጪው?»

ስልኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። እሳቸው ወደ ማያው ሲያጋድሉ አብሬ አጋደልኩት፣ ፊታቸው መሃል ላይ እንዲሆን። እሷ የምትለውን እየሰሙ ይስቃሉ፣ ጥርሳቸው እስኪታይ። ክንዴ ደክሞኛል። አላወረድኩትም፤ ትንሽ ባወርደው ምስሉ ይቆማል።